አንዴ ሠርቶ ብዙ ቀን መብላት፦ ከስንቅ አቁማዳ እስከ ኮልፌ ፍሪዘር

ቅዳሜ ጠዋት በኮልፌ 18 ማዞሪያ የሚያልፍ ሰው አፍንጫው ይነግረዋል። በየግቢው ሽንኩርት ይቁላላል። ከጋሪ ላይ በኪሎ የተገዛው ቀይ ሽንኩርት ተልጦና ተከትፎ በትልቅ ድስት ይጣዳል፤ እስከ እኩለ ቀን ሲንተከተክ ይቆያል። ድሮ ይህን ያህል ሽንኩርት የሚከተፈው ለሰርግ፣ ለተስካር ወይም ለዓመት በዓል ነበር። አሁን በግቢው ውስጥ ድንኳን አልተተከለም፣ እንግዳም አልተጠራም። ቁሌቱ ሲበርድ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ይገባል፤ ቤተሰቡም ሁለትና ሦስት ሳምንት ከእሱ እየቀነሰ ወጥ ይሠራል።

ይህን ልማድ ብዙ ሰው ከፍሪዘሩ ጋር ከውጭ የገባ አድርጎ ያየዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ስንቁን ከዓድዋ ታሪክ፣ ግብሩን ከምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ትልቁን ድስት ከእድር፣ ፍሪዘሩን ደግሞ ከመርካቶ እናውቃቸዋለን፤ ግን ለየብቻ ነው የምናውቃቸው። ከመጀመሪያው ተነሥተን ብንከተላቸው አንድ መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። በዚያ መንገድ ሁሉ አንዲት ሴት ምድጃ ዳር ቆማ ዛሬ ያነደደችው እሳት ለነገና ለከነገ ወዲያ እንዴት እንደሚበቃ ታስባለች።

እስከ 1888 ዓ.ም.፦ በድርቀት ማቆየት

ምግብ የሚያበላሹ ረቂቅ ተሕዋስያን ውሃ ካላገኙ አይባዙም። በረዶ በሌለበት አገር ምግብ ለማቆየት የሚሻለው ውሃውን ማውጣት ነው። የአገራችን ባለሙያዎች ይህን ያወቁት በእጃቸው ነው። ሥጋው ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ፣ ገመድ ላይ ሲሰቀል ቋንጣ ይሆናል። የተረፈው እንጀራ ተቆራርሶ ፀሐይ ሲመታው ድርቆሽ ይሆናል። ገብሱ ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ፣ በሶው በቅቤ ሲለወስ ጭኮ ይሆናል። ቅቤውም ቢሆን በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት ሲነጠር ውሃው በንኖ ዝቃጩ ከሥር ይቀራል፤ ወራት የሚቆየው በዚህ ነው።

ሽሮን በተለይ ልብ እንበለው። አተሩ ወይም ሽምብራው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ሲቀመጥ የወጡ ሥራ ከግማሽ በላይ አልቋል። በየቀኑ የሚቀረው ውሃ አፍልቶ ማማሰል ብቻ ነው። አንዲት እናት በጥቂት ሳምንት ልፋት የዓመት ሽሮና በርበሬ ስታሰናዳ፣ ዛሬ ፍሪዘር ውስጥ የምናደርገውን ነገር በጎታና በቅል እያደረገች ነበር። እንጀራም ከዚሁ ወገን ነው። ሊጡ ቀናት ወስዶ ይቦካል፤ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ የሦስት ቀኑ እንጀራ በአንድ ጊዜ ይጋገራል፤ በየቀኑ ምጣድ የሚያሞቅ ቤት የለም። በጉራጌ ደግሞ እንሰቱ ተፍቆ፣ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ሲቦካ ቆጮው ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። ከኮልፌ ነዋሪ ጥቂት የማይባለው ከዚያ አገር የመጣ ስለሆነ ይህ እውቀት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሰፈሩ ገብቷል።

የዚህ ሁሉ ባልትና ትልቁ ፈተና ጦርነት ነበር። ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ገና ጥጋብ በነበረበት በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ለቀናት የቆየ ድግስ ደግሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የከብት በሽታ ገባና በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፣ ድርቁና አንበጣውም ተጨመረ። ሕዝቡ ያን ዘመን ክፉ ቀን ብሎ ጠራው። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ዘመቻ የክተት አዋጅ ሲታወጅ ስንቅ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ሕዝብ ከዚያ ረኃብ ገና ማገገሙ ነበር። ዝግጅቱን ሳስበው ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

በዚያ ዘመን ሠራዊቱን ሙሉ በሙሉ የሚመግብ የመንግሥት ሎጂስቲክስ አልነበረም። ዘማቹ የሚበላውን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ አቁማዳው በአህያና በበቅሎ ይጫናል፤ ሚስቶች፣ እህቶችና አገልጋዮች አብረው ይዘምታሉ፣ በሰፈሩበት ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ። አንድ መቶ ሺህ የሚገመት ሰው ከአዲስ አበባና ከየአውራጃው ተነሥቶ እስከ ትግራይ የተጓዘው በበሶ፣ በቋንጣ፣ በድርቆሽና በዳቦ ቆሎ ነው። የጦርነቱን ቀን ለመወሰንም ምግብ ድርሻ ነበረው። በየካቲት አጋማሽ ዓድዋ ላይ የተፋጠጡት ሁለቱም ወገኖች ስንቃቸው እያለቀ ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦር የቀረው የጥቂት ቀን ምግብ ብቻ ሲሆን፣ የምኒልክም ሰፈር ከዚያ በላይ ብዙ ሊቆይ አይችልም ነበር። ባራቲየሪ ከማፈግፈግና ከመግጠም አንዱን ለመምረጥ የተገደደው ሆዱም ጭምር ስላስቸኮለው ነው። የካቲት 23 ቀን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከድሉ ጀርባ በስም ያልተጻፉ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ቀድመው የቆሉት ገብስ አለ።

ከ1890 እስከ 1904 ዓ.ም.፦ አዳራሹና ማገዶው

ከድሉ በኋላ የብዙ ሰው ማብሰያ ከጦር ሰፈር ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። በምኒልክ ግቢ የተሠራው የግብር አዳራሽ በአንድ ጊዜ ሺዎችን ያስተናግዳል። እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ በየራሳቸው አዛዥና ሠራተኛ የቆሙ ነበሩ። ያ ሁሉ ወጥ ግን ለማቆየት ታስቦ አይሠራም፤ በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ ያልቃል። የንጉሥ ክብር የሚለካው በተበላው መጠን ነውና ቁጠባ ቦታ አልነበረውም።

የሚያልቀው ወጡ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አዲሲቱ ከተማ ደኗን ለምድጃ ጨረሰች። ማገዶ ከሩቅ መምጣት ሲጀምር ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። አዲስ አበባን ከመፈታት ያተረፋት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ በፍጥነት ይበቅላል፣ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ዛሬ ኮልፌ አጠና ተራ የተደረደረው እንጨት የዚያ ዛፍ ዘር ነው። ከእንጦጦ ዳገት የእንጨት ሸክም ተሸክመው ጎንበስ ብለው ሲወርዱ የኖሩት ሴቶችም የዚያ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ናቸው። አንድ ድስት ወጥ ስንት ማገዶ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ትከሻ የእነርሱ ነው።

ከ1904 እስከ 1923 ዓ.ም.፦ የላብራዶር ዓሣ

ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ በነበሩባቸው የመጨረሻ ዓመታት፣ ክላረንስ በርድስአይ የሚባል አሜሪካዊ ዛሬ የካናዳ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በሆነው በላብራዶር የፀጉር ቆዳ ይነግድ ነበር። የአካባቢው ኢኑዊት ሰዎች ዓሣ ከውሃ ሲያወጡ ብርዱና ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ አቀዝቅዞ እንደሚያጠነክረው አየ። ያ ዓሣ ከወራት በኋላ ቀልጦ ሲበሰል ዛሬ የተያዘ ይመስላል። በከተማ የሚሸጠው የቀዘቀዘ ሥጋና ዓሣ ግን ሲቀልጥ ውሃ ያዝላል፣ ይላሽቃል።

ምክንያቱ የበረዶው ቅንጣት ነው። ምግብ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውሃ ትልልቅና ስለታም ቅንጣት ይሠራል፤ ቅንጣቱ የሥጋውን ወይም የአትክልቱን ህዋስ ይበሳዋል። ቶሎ ከቀዘቀዘ ግን ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሚሆን ህዋሱ ብዙም አይጎዳም። በርድስአይ ይህን ይዞ አገሩ ገባ፤ በቀዝቃዛ ብረት ሰሌዳዎች መካከል ምግብ የሚያቀዘቅዝ መኪና ሠራ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1930 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ 18 ሱቆች የቀዘቀዘ ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት መሸጥ ጀመሩ።

በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ፤ ለሠራዊቱ በሬ ታርዶ ግብር ተበላ። በእኛ ሥጋው የሚከበረው ትኩስነቱ ስለሆነ፣ በስፕሪንግፊልድ የተጀመረው ነገር የኢትዮጵያን ቤት ለማንኳኳት ገና ብዙ ዓመት ነበረው።

ከ1928 እስከ 1952 ዓ.ም.፦ የእድር ድስት

የጣሊያን ወረራ ስንቁን መልሶ ወደ ጫካ አወጣው። አርበኛው በሶና ቆሎ ቋጥሮ ዱር ሲገባ፣ ከተማ የቀሩት የውስጥ አርበኞች መረጃ፣ መድኃኒትና ስንቅ ያቀብሉት ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው ዛሬም ይነሣል።

ወራሪው ከተማዋን በዘር ከፋፍሎ ለአገሬው ሰው መርካቶ ኢንዲጄኖ ብሎ የከለለው ገበያ አዲስ አበባን ወደ ምዕራብ ገፋት። በመርካቶ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ከየአገሩ ዘመዱን ትቶ የመጣ ነውና ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲያዝን የሚያበላው አጣ። እድር በከተማ ሥር የሰደደው በዚህ ዘመን እንደሆነ ታሪኩን ያጠኑ ብዙዎች ይስማማሉ፤ የጉራጌ ነጋዴዎችም በአጀማመሩ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

እድር ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ዕቃም ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሳህኑና ኩባያው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ሁለት ሰው የሚሸከመው ጎላ የማኅበሩ ንብረት ነው። ለመቶ ሰው የሚሆን ምስር ወይም አልጫ ለማብሰል አንድ ቤተሰብ ያን ያህል ድስት ገዝቶ ማስቀመጥ አያስፈልገውም። ሴቶቹ ተራ ገብተው ይከትፋሉ፣ ይጥዳሉ፣ ያማስላሉ። በአንድ ትልቅ ምድጃ መሥራት ማገዶም ጊዜም እንደሚቆጥብ የከተማው ሰው የተማረው ከሐዘን ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የጎደለው ማቆያ ብቻ ነበር፤ የተረፈው ወጥ በማግስቱ ለጎረቤት ካልታደለ ይቆመጥጣል።

በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን መንግሥት በከፈለው የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ያህል ማመንጨት ጀመረ። ወራሪው የከፈለው ገንዘብ የአዲስ አበባን ፍሪጅ ሊያስነሣ ነው።

ከ1952 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ፍሪጅ የደረሰበት ቤት

ኮልፌ ያኔ የከተማዋ ጠርዝ ነበረች። 18 ማዞሪያ የሚለው ስም ከአውቶቡስ ቁጥር የመጣ እንደሆነ ይነገራል፤ አውቶቡሱ ደርሶ የሚዞርበት፣ ከዚያ ወዲያ ከተማ የሌለበት ቦታ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ዘመን ፍሪጅ የሚገኘው በሆቴል፣ በኤምባሲና በባለጸጋ ቤት ነው። ቄራው በ1940ዎቹ መጨረሻ ቢቋቋምም የከተማው ሰው ከበረዶ የወጣ ሥጋ አይወድም፤ ዛሬ የታረደውን ዛሬ ይፈልጋል። ስለዚህ ፍሪጅ ያለው ቤት እንኳ የሚያኖርበት ለስላሳ መጠጥ፣ ወተትና ቅቤ ነበር። አሜሪካ ግን ቀደም ብላ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስዋንሰን የተባለው ኩባንያ በአሉሚኒየም ሳህን የታሸገ፣ ተሞቆ የሚበላ ሙሉ እራት ገበያ ላይ አወጣ። በእነርሱ ዘንድ በረዶው የመጣው ከፋብሪካው ጋር ነው፤ ፋብሪካው ያበስላል፣ ቤተሰቡ ያሞቃል። እኛ ዘንድ ፋብሪካው አልመጣም፤ ፍሪጁ የመጣው ወደ እናት ድስት ነው። የሁለቱ ታሪክ የሚለያየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የእኛው ፍሪዘር ዛሬም ድረስ በቤት ውስጥ በተሠራ ወጥ የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ ስንቅ በቀበሌ

የሶማሊያ ጦር በወረረበት በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ስንቅ እንደገና የአገር ጉዳይ ሆነ። በየቀበሌው ሴቶች ተሰብስበው ዳቦ ቆሎ ጋገሩ፣ በሶ ፈጩ፣ ቋንጣና ድርቆሽ አሰናዱ። ከዓድዋ ሰማንያ ዓመት በኋላ የተዘጋጀው ምግብ ዝርዝሩ ያው ነበር። መድፉ ተለውጧል፣ አውሮፕላኑ መጥቷል፤ የወታደሩ ከረጢት ውስጥ ያለው ግን የአያቱ ስንቅ ነው።

ፍሪጅ እንደ ቅንጦት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን አንድ የሰፈር ልማድ ተፈጠረ። ለፋሲካ ወይም ለገና ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ይገዛል፣ ቅርጫ ይካፈላል። መደቡን ሁሉ በአንድ ቀን መብላት ስለማይቻል ግማሹ ይዘለዘላል፣ ቋንጣ ይሆናል። ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ካለ ግን ሥጋው በላስቲክ ታስሮ እዚያ ቤት ይቀመጣል። የአንዱ ቤት ሥጋ ከሌላው ቤት እንዳይቀላቀል በየላስቲኩ ላይ የሚታሰረው ክር በቀለም ይለያል። በእኛ ሰፈር ፍሪጅ የነበረው ቤት አንድ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት እማማ በዓል ሰሞን የራሳቸውን ወተት የሚያስቀምጡበት ቦታ ያጡ ነበር።

ከ1983 እስከ 2006 ዓ.ም.፦ ቁሌቱ በረዶ ሆነ

የበረዶው ጥበብ የሐበሻ ወጥ ውስጥ የገባው በመጀመሪያ ከአገር ውጭ ይመስለኛል። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቶሮንቶ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ዶሮ ወጥ ለመሥራት ሦስትና አራት ሰዓት ከየት ታመጣለች? የወጡ ጊዜ የሚያልቀው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ይበስላል፤ ቀጥሎ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው ይገባና ሽታው እስኪለወጥ ይቁላላል። የቸኮለበት ወጥ የሽንኩርት ጥሬነቱ ምላስ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የእረፍት ቀን ተመረጠ፤ የወሩ ቁሌት በአንድ ቀን ተሠርቶ ወደ ፍሪዘር ገባ። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስትመለስ የቀረው ሥጋውን ወይም ምስሩን መጨመር ነው።

እንጀራውም ተከተለ። በየመካከሉ ላስቲክ እየገባ የተደረደረ እንጀራ ሲቀዘቅዝ አይሻግትም፤ ሲቀልጥም ዓይኑ እንዳለ ነው። መንግሥት በ1998 ዓ.ም. ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል፣ የተጋገረ እንጀራ መላክ ግን ይቻል ነበርና ማማ ፍሬሽን የመሰሉ ድርጅቶች እንጀራ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓና አሜሪካ ላኩ። አዲስ አበባ የተጋገረው በማግስቱ ባሕር ማዶ ተበልቶ፣ የተረፈው እዚያው ፍሪዘር ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ ቤሩት፣ ጅዳና ዱባይ ነው። ለሰው ቤት ሥራ የሄዱ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ እህቶቻችን በአሠሪዎቻቸው ቤት ሥጋ በየምጥኑ ከፍሎ፣ አትክልት ቀቅሎ፣ ሳምቡሳ ጠቅልሎ ማቀዝቀዝን የየዕለት ሥራቸው አድርገው ተማሩ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ስድሳ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነው የገቡት። ያ እውቀት ግን አብሯቸው መጣ። ስለ እነዚህ ሴቶች ሲወራ መከራቸው ይነገራል፤ መነገርም አለበት። ይዘውት የመጡት ሙያ ግን አይወሳም። በኮልፌ ብዙ ቤት ፍሪዘር እንዴት እንደሚሞላ ያስተማረችው ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት ወይም አክስት ናት።

ቤቱም ተለወጠ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ግንባታ ነዋሪውን ከግቢ ወደ ፎቅ አወጣው። በአራተኛ ፎቅ ላይ እንጨት አይነድም፣ ቋንጣም እንደ ልብ አይሰቀልም። ጠባቡ ማዕድ ቤት ሽታና ጭስ በየቀኑ ከሚያስተናግድ በሳምንት አንዴ ቢያስተናግድ ይመርጣል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፦ በፈረቃ መካከል

በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆነ። ፍሪዘራቸውን የሞሉ ቤቶች ደነገጡ። አንዳንዱ የቀለጠውን ሥጋ በአንድ ቀን አብስሎ ለጎረቤት አደለ፤ አንዳንዱ ወደ አያቱ ዘዴ ተመልሶ ዘለዘለው። ያ ጊዜ ሰፈሩን አንድ ነገር አስተማረ። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፤ የቀዘቀዘው ምግብ ራሱ እንደ በረዶ ድንጋይ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ ባዶ ቦታውን ውሃ በሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ መሙላት ተለመደ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በ2012 ዓ.ም. አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ፣ ገበያ መውጣት ቀን የሚፈጅና የሚያሰጋ ሆነ። አንዴ ወጥቶ የሁለት ሳምንቱን መሸመት፣ አንዴ አብስሎ ማስቀመጥ የጥንቃቄ አንዱ ክፍል ሆነ። ወረርሽኙ ሲያልፍም ልማዱ ጸና፤ የሽንኩርቱ ዋጋ አንዴ ሲሰቀል አንዴ ሲወርድ ርካሽ በሆነበት ሳምንት ብዙ ገዝቶ ማቁላላት አትራፊ ሆኗልና።

ዛሬ በ18 ማዞሪያ ይህ ሥራ የራሱን ሥርዓት አውጥቷል። ኦርቶዶክሱ ቤት ቁሌቱን ያለ ቅቤ ያቁላላል፤ ለረቡዕና ለዓርብ፣ ለሁዳዴም ስለሚሆን። ለፍስክ ቅቤው የሚገባው ወጡ በሚሠራበት ቀን ነው። ቅበላ ሰሞን የተረፈውም ሥጋ ለ55 ቀን ቋንጣ ሆኖ ሳይደርቅ ፋሲካን መጠበቅ ይችላል። ሙስሊሙ ቤት ረመዳን ሳይገባ ሳምቡሳውን በምስርና በሥጋ ጠቅልሎ፣ ሳይጠበስ ያቀዘቅዛል፤ ሲጾም የዋለች እናት ለአፍጥር የሚቀራት ዘይት ማጋል ነው። ዶሮ ወጥ ሲቀዘቅዝ እንቁላሉ ይወጣል፤ የቀዘቀዘ እንቁላል ነጩ እንደ ጎማ ይሆናልና። ድንችም እንዲሁ ሲቀልጥ ይላሽቃል፤ በሚበሉበት ቀን መጨመር ይሻላል።

ጥንቃቄውም ከሙያው ጋር መሄድ አለበት። ብርድ ተሕዋስያንን ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ትኩስ ድስት እንዳለ ፍሪዘር አይገባም፤ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያቀልጣል። ለረጅም ጊዜ ውጭ ማሳደርም አይገባም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ወይም ድስቱ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተቀምጦ መብረድ አለበት። ከዚያ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ይከፋፈላል፤ ትንሹ ዕቃ ቶሎ ይቀዘቅዛልና፣ በርድስአይ ላብራዶር ላይ ያየው ይኸው ነው። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከያዘ ወጡ ሁለትና ሦስት ወር ጣዕሙን ሳይለቅ ይቆያል። አንዴ የቀለጠ ሳይበስል ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቆቃ ከነበረው 43 ጋር ሲተያይ የተጓዝነው ርቀት ይታያል። መብራቱ ሲጸና ፍሪዘሩም ይበዛል። በሰፈሬ ያየሁትን ስመሰክር፣ ቅዳሜ ያቁላላች እናት ከሰኞ እስከ ዓርብ እራቷን በግማሽ ሰዓት ታደርሳለች፤ ከሰሏም ይተርፋል፣ ልጇን የቤት ሥራ የምታሠራበት ሰዓትም ታገኛለች። ከዓድዋ ጀምሮ ይህን አገር በስንቅ ያቆመው የሴቶች ጉልበት ለመጀመሪያ ጊዜ ውለታው የተመለሰለት ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ የቅዳሜው ሥራ ራሱ ከባድ ነው፤ አሥር ኪሎ ሽንኩርት ልጦ መክተፍ ዓይንም ወገብም ይጨርሳል። በየቤታችሁ ያላችሁ አባቶችና ወንዶች ልጆች ሆይ፣ በመጪው ቅዳሜ ሽንኩርቱ ሲገባ ቢላውን በአንዲት እናት እጅ ብቻ አትተዉት። በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ፤ ላጡ፣ ክተፉ፣ ድስቱንም ተራ ገብታችሁ አማስሉ።